በየአሥራ አንድ ደቂቃው የሚመጣው ለቀስተኛ

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 2025፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ የስድስት መቶ አርባ ቤተሰብ ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። የሲያትል እድርተኞች መልእክት ነበር፤ «ሐዘን» ይላል፣ ከሥሩ ሰማያዊ ሊንክ አለ። ሊንኩን የነካ አባል የራሱን የይለፍ ቃል አስገብቶ ማን እንዳረፈ፣ ለቅሶው የት እንደሆነ፣ መኪና የሌለውን ማን እንደሚወስደው ያነባል። የዚያን ቀን ያረፈው ገጹን የሠራው ሰው ራሱ ነበር። ዘርእሰናይ፣ አርባ አራት ዓመቱ፣ ሬድመንድ ውስጥ የኔትወርክ ጥበቃ ባለሙያ፤ በተኛበት ልቡ ቆመ።

ታላቅ እህቱ መቅሊት ያቺን ደቂቃ አትረሳትም። «መልእክቱን ይላኩልኝ» ብላ ለእድሩ ጸሐፊ ደውላ የለመነችው እሷ ነበረች። ሆኖም የራሷ ስልክ እጇ ላይ ሲጮህ ክው ብላ ደነገጠች፤ የምታውቀውን ሞት እንደ አዲስ ተረዳችው።

በአሥር ደቂቃ ውስጥ ገጹ ከሰው ብዛት የተነሳ ወደቀ። ሰው ግን ገጽ አልጠበቀም። ስልክ ለስልክ ተጠራርቶ፣ ከስምንት ሰዓት በፊት ቤቷን፣ ደረጃውን፣ የጎረቤቱን ሣር ሳይቀር ሞላው።

በማርች ወር ሌላ ነገር መጣ። ሐዘን የተቀመጡ ቤቶች የማያውቁት ሰው ይደውልላቸው ጀመር። ሰውየው የሟቹን ስም ያውቃል፣ የቤቱን አድራሻ ያውቃል፣ ለቅሶውን ማን እንደሚያስተናግድ ሳይቀር ያውቃል። «ከቀብር አስፈጻሚው ነው የምደውለው፤ የሟቹን ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ላረጋግጥ ነበር» ይላል። ሁለት ቤተሰብ ያንን፣ በሟች ስም ብድር የሚወጣበትን የመንግሥት መለያ ቁጥር ሰጠው። ሦስተኛዋ ሴትዮ «የባሌን ቀብር እኔ ራሴ ነኝ ያስፈጸምኩት፤ አንተ ማነህ?» ብላ ስትጮህበት ነገሩ ታወቀ። የእድሩ መዝገብ ሌባ ገብቶበታል።

ኮሚቴው ቤልቪው ካለ አንድ አነስተኛ የኮምፒውተር ጥበቃ ድርጅት ባለሙያ ጠራ። ሮቢ ይባላል፤ እዚሁ የተወለደ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው፣ አማርኛው እንደ አዲስ ጫማ የሚቆነጥጠው ልጅ። ማርች 29፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሬኒየር ጎዳና ላይ ባለችው የእድሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ሥዕል አበራ። ረድፍ ረድፉን የቆሙ ዝቅ ያሉ ዘንጎች፣ መሀላቸው ደግሞ እንደ ተራራ የተገተረ አንድ ቀይ ዘንግ።

«ሶ፣ እዚህ ጋ እዩት» አለ። «ገጹ በቀን ዘጠኝ መቶ ጊዜ ቢከፈት ነው። ጃንዋሪ አሥራ ስምንት ግን በአንድ ሰዓት ብቻ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ! ሲስተሙ ክራሽ አደረገ። ይሄ ኖርማል አይደለም፤ አታክ ነው። በሩን ሰብረው ከገቡ በኋላ ቀስ ብለው ዳታውን ወሰዱ።»

«በሩን ክፍት የተወው ማነው?» አሉ የእድሩ ሊቀ መንበር ወይዘሮ የውብዳር። ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ዓመት በነርስነት የሠሩ፣ ነገር ሲንዛዛ የማይወዱ ሴት ናቸው።

«ዲዛይኑ ዊክ ነው። የሠራው ሰው…» ሮቢ መቅሊትን አያትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አም ሶሪ። ነፍሱን ይማር።»

መቅሊት የተጠራችው ለዚህ ነበር። ለአባላቱ የሚላከው ደብዳቤ ተረቅቆ ፊቷ ተቀመጠ። «ሟች አቶ ዘርእሰናይ ገጹን ሲሠሩ ባሳዩት ቸልተኝነት የአባላት መረጃ ለሌቦች ተጋልጧል፤ ቤተሰባቸውም ይህንን ተረድቶ ይቅርታ ይጠይቃል» ይላል። ከሥሩ ለፊርማዋ ባዶ መስመር ተትቶላታል።

«መቅሊትዬ» አሉ ጋሼ አሰፋ፣ የእድሩ ጸሐፊ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የዘርእሰናይን ሳጥን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ነበሩ። «ሙት ወቃሽ አያድርገን እንጂ፣ ሙት እኮ አይከፋውም። ፈርሚና ይለፍ።»

«ሙት ባይከፋው እኔ ይከፋኛል፣ ጋሼ። አልፈርምም።»

«ታዲያ ምን ይሁን?» አሉ ወይዘሮ የውብዳር። «ሰው እየደወለ ነው፣ መልስ እንስጥ እንጂ።»

«ጠቅላላ ጉባኤው የሚቀጥለው እሑድ አይደል? እስከዚያ መዝገቡን ይስጡኝ፣ እትዬ። ማን በስንት ሰዓት እንደገባ ገጹ ራሱ የሚጽፈውን።»

ሮቢ ፈገግ አለ። «እትዬ መቅሊት፣ እሱ እኮ ሰባት መቶ ሺህ መስመር ነው።»

«እኔ እዚሁ ሲያትል፣ ሶዶ ሠፈር ባለው መጋዘን ውስጥ በቀን ዘጠኝ ሺህ ካርቶን ሲያልፍ ነው ቆሜ የማየው፤ መስመር አያስፈራኝም።»

በማግስቱ ጠዋት ሃሴት መጣች። የዘርእሰናይ አንዲት ልጁ ናት፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ፤ እናቷ ዘንድ ትኖራለች፣ እሑድ እሑድ አክስቷ ጋ ትውላለች። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ረቂቅ አንስታ በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ቸልተኝነት ምንድን ነው?»

«መጠንቀቅ ሲገባ አለመጠንቀቅ።»

«ዳዲ?» አለች ሃሴት። ወረቀቱን እንደ ቆሻሻ በሁለት ጣቷ ይዛ መለሰችው። «ዳዲ እኮ ፍሪጁን ዘግቶ ተመልሶ ቼክ የሚያደርግ ሰውዬ ነው። ዶንት ሳይን፣ አክስቴ። ፕሊስ።»

«አልፈርምም አልኩ እኮ።»

«ሶ፣ ሰው ሁሉ እሱ ነው ሲል ምን እላለሁ?»

መቅሊት ረቂቁን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ያላት አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ መዝገብ ማንበብ መቅሊት ትምህርት ቤት ገብታ የተማረችው ሙያ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት ሶዶ ውስጥ ካርቶን እየጠፋ አለቃዋ ሁሉንም ሲጠረጥር፣ ወንድሟ አንድ እሑድ አጠገቧ ተቀምጦ አሳይቷት ነበር። የተረፈውን በላይብረሪ ኮምፒውተር፣ ቪዲዮ እያየች፣ እየተሳሳተች ራሷን አስተማረች። ሰኞ ከሥራ ወጥታ እዚያው ላይብረሪ ገባችና መዝገቡን ዘረጋችው። መጀመሪያ የሳለችው ልክ የሮቢን ሥዕል ሆነባት። ያው ዘንግ፣ ያው ተራራ። የወንድሟ የሞት ቀን እንደ ወንጀለኛ ተገትሮ ያያታል።

ማክሰኞ የወንድሟ ድምፅ ትዝ አላት። «ብዛቱን ተዪው» ይላት ነበር። «ብዛት ያስደነግጣል እንጂ አይናገርም። ለእያንዳንዱ ካርቶን የራሱን መስመር ስጪው፤ በታየበት ሰዓት ሁሉ ነጥብ አድርጊለት። ከዚያ ቆመሽ እዪ። ሌባ የሚታወቀው እንግዳ ስለሆነ አይደለም፤ ቤተኛ መሆን ስለማይችልበት ነው።»

ዘንጎቹን ሁሉ ደመሰሰቻቸው። ለእያንዳንዱ ስልክ አንድ መስመር ሰጠች፣ ቀኖቹን ከግራ ወደ ቀኝ ዘረጋች፣ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ነጥብ ጣለች። ማሽኑ ጥቂት አሰበና ሥዕሉን ወረወረላት። መቅሊትም እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ለቅሶ መልክ ነበረው። መልእክቱ ከተላከበት ደቂቃ ጀምሮ ነጥቦቹ እንደ ንብ መንጋ ግልብጥ ብለው ይመጣሉ። ከዚያ ይሳሳሉ። ሰው ከሥራ ሲወጣ እንደገና ይሰበሰባሉ። በሠልስቱ ጠዋት ሌላ መንጋ። ከዚያ ዝምታ፤ ረጅም ዝምታ። በአርባው ደግሞ ሁሉም ባንዴ እንዳስታወሰ ሁሉ ይመለሳሉ። ገጹ ከተሠራ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በሁለቱ ዓመት ሠላሳ አንድ ለቅሶ ተነግሮበታል፤ ሠላሳ አንዱም መልኩ አንድ ነው። የዘርእሰናይ የሚለየው በብዛቱ ብቻ ነበር። ሮቢ ወራሪ ያለው የወንድሟን ለቀስተኛ ነው።

ረቡዕ ከዚህ መልክ ያፈነገጠውን መፈለግ ጀመረች። መጀመሪያ አንድ መስመር አገኘች፤ የዘርእሰናይን ስም ከሞተበት ማግስት ጀምሮ በየማለዳው አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ይከፍታል። አርባ ቀን ሙሉ አንድም አላጓደለም። «ያዝኩህ» ብላ ስልኩ የማን እንደሆነ ስታይ የሃሴት ነው። አንድ ሰዓት ከሃያ፣ በትምህርት ቀን አውቶቡስ ውስጥ የምትሆንበት ሰዓት፤ ትምህርት በሌለበት ቀንም አላለፋትም። መቅሊት ኮምፒውተሩን ትታ ወጣች፤ ላይብረሪው በር ላይ በካፊያው ውስጥ ቆይታ ተመለሰች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለሃሴትም።

ሁለተኛው መስመር የተገኘው ሐሙስ ነው። ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 11፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ ይጀምራል። ዘርእሰናይ ካረፈ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ነጥብ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ፤ ነጥብ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ፤ ነጥብ። ቀንም ሌትም፣ እሑድም ሰኞም። ሠልስት አያውቅም፣ አርባ አያውቅም። መልእክት ሲላክ አይሮጥም፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ አይተኛም። የሐዘንተኞቹን ቤት በመዝገቡ ቅደም ተከተል፣ አንድ በአንድ ይከፍታል። ከስድስት መቶ አርባ ቤተሰብ መሀል እንዲህ የሚያለቅስ ሰው የለም። የገባበት ቁልፍም ተመዝግቧል፤ ሁሉንም ቤት ለማየት የሚፈቀድለት አንድ የይለፍ ቃል ብቻ ነው። የጸሐፊው።

ዓርብ ከሥራ አስፈቅዳ ጋሼ አሰፋ ቤት ሄደች። ሻይ ሊያቀርቡ ሲነሱ እጃቸውን ያዘች።

«ሻዩ ይቆየን። መጀመሪያ የይለፍ ቃልዎን እንቀይረው።»

«ምነው? ምን ሆነ?»

«ይቀየር፣ ከዚያ እነግርዎታለሁ።»

ቀየሩት። የሚቀጥለው ነጥብ ሊመጣ ሰባት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። መቅሊት የገጹን መዝገብ በስልኳ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ጠበቀች። ሰባቱ አለፈ። አሥራ አምስት ሆነ። ነጥቡ አልመጣም።

«ፌብሩዋሪ አሥራ አንድ ከሰዓት ማን ደወለልዎ፣ ጋሼ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፤ አልጠረጉትም፣ ዝም ብለው ያዙት።

«ስሙን አላውቀውም» አሉ። «እያለቀሰ ነው የደወለው። ‹እናቴ ዛሬ ጠዋት ዐረፈች፤ መልእክቱን ራሴ እንድልክ ኮዱን ካልሰጡኝ ወንድሞቼ ሳይሰሙ ቀብሯ ሊያልፍ ነው› አለኝ። አማርኛው ጥርት ያለ ነው። ሐዘን የያዘን ሰው ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ ብዬ ልመርምረው? የት አገር ነው እንዲህ የሚደረገው? ሰጠሁት። ቢጠበቅ ቢጠበቅ ለቅሶው ሳይነገር ቀረ። ያኔ ገባኝ።»

«ገባዎትና ዝም አሉ።»

«ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ልጄ። ሃያ ዓመት ያገለገልኩበት ስሜ ነው ያለኝ። ዘርእሰናይ ከሁሉ ተገላግሏል፤ እኔ ገና ነገ ከሰው ፊት ልቆም ነው። ተዪኝ።»

«ሳጥኑን ተሸክመውታል እኮ፣ ጋሼ» አለች መቅሊት። «ተሸክመው አድርሰውት ሲያበቁ የራስዎን ሸክም ጫኑበት። አልተውዎትም። እሑድ እርስዎ ይናገሩ። ካልተናገሩ እኔ እናገራለሁ።»

ሻዩን ሳትጠጣ ወጣች።

ሥዕሉን በተራ ወረቀት ማተም አልቻለችም፤ አይበቃውም። የሶዶው አለቃዋ ጠርዙ የተጨማደደ የመለያ ወረቀት ጥቅል ሰጣት፤ ካርቶን ላይ የሚለጠፈውን። ቅዳሜ በፈረቃዋ ማብቂያ በመጋዘኑ ማተሚያ አወጣችው፤ ዘጠኝ ሜትር ሆነ። መንገዱን ለሳተ ካርቶን የሚለጠፉትን ቀይ ክብ ምልክቶች ወስዳ ያቺን አንዲት መስመር ከዳር እስከ ዳር በእጇ ለጠፈችባት። መጨረሻ ላይ፣ ቁልፉ የማን እንደሆነ የተጻፈበትን ቦታ፣ በነጭ ቁራጭ ሸፈነችው።

ኤፕሪል 6፣ እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። አዳራሹ ሞልቷል። ወረቀቱ በግድግዳው ርዝመት ተዘርግቷል፤ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነስቶ እየተጋፋ ያያል።

«የኔ የቱ ነው?» አለ አንዱ ታክሲ ነጂ።

«አልነግርህም» አለች መቅሊት። «ብቻ ሠልስት ላይ አልነበርክም።»

«ሥራ ላይ ነበርኩ!»

«አየህ፣ ራስህ ተናገርክ!» አለው ጓደኛው። ሳቅ ሆነ።

ሮቢ እጁን ኪሱ ከቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ተራመደ። መንጋው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ሮቢ» አለችው መቅሊት፣ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ «ለቅሶ ደርሰህ ታውቃለህ?»

«አይ ሚን… ኢንቫይት ካደረጉኝ እሄዳለሁ።»

አዳራሹ ፈነዳ። «ለቅሶ ጥሪ የለውም፣ አንተ!» አሉ አንዲት እናት ከኋላ።

«አይፈረድበትም» አለች መቅሊት። «ለዚህ ነው ያላወቃቸው። ይሄ አታክ ያልከው እኛ ነን። ሰው ሲሞትብን እንዲህ ነው የምንመጣው፤ ግልብጥ ብለን፣ በር እስኪወድቅ። ወንድሜ በሩን ክፍት አልተወውም። በሩ የወደቀው ሰው ስለወደደው ነው። አሁን ወዲህ ና፣ ይቺን ቀይዋን እያት።»

ሮቢ ጎንበስ ብሎ ከነጥብ ወደ ነጥብ በጣቱ ለካ። አንገቱ ቀላ።

«የኛ ሶፍትዌር ይቺን ኖርማል ብሎ ነው ያለፋት» አለ በመጨረሻ፣ ወደ ሰዉ ዞሮ። «ትንሽ ስለሆነች። እኛ ትልቁን ብቻ ነው ያየነው። ሌባው ይሄ ነው። የጀመረው ሰውየው ከሞቱ በኋላ ነው። አይ ወዝ ሮንግ። ተሳስቻለሁ።»

ጉርምርምታ ተነሳ። «በማን ቁልፍ ነው የገባው?» የሚል ድምፅ ከሦስት አቅጣጫ መጣ። ወይዘሮ የውብዳር ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ።

«ስሙኝ። ለሰላም ሲባል ማንንም አንውቀስ። የዘርእሰናይን ስም ከደብዳቤው እናወጣለን፣ ነገሩም እዚህ ይዘጋል። ይበቃል።»

ግማሹ አጨበጨበ። መቅሊት ከወረቀቱ አልራቀችም።

«አይበቃም፣ እትዬ።»

«ኧረ እልህሽን አብርጂው፣ እህቴ!» አለ አንድ ሰው።

«እልህ ነው፤ አይበርድም። ሳምንት ሙሉ ስሙ በየመኪናው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በየመስጊዱ ደጅ ሲዞር ሰነበተ። ልጁ ‹ምን ልበል› ብላ ጠይቃኛለች። በአደባባይ የጠፋ ስም በጓዳ አይመለስም። እሱ አለማጥፋቱ ብቻ አይደለም የሚጻፈው፤ እንዴት እንደሆነ ይጻፋል።»

እጇን ነጩ ቁራጭ ላይ አደረገች። ጫፉን በጥፍሯ አነሳችው። ወደ ጋሼ አሰፋ አልተመለከተችም፤ ብትመለከት እንደምትተወው ታውቃለች።

«ተዪው፣ ልጄ» አሉ ከፊተኛው ረድፍ። ወንበሩን ተደግፈው ተነሱ። «የኔ ነው። እኔ ልንገራቸው።»

ቆመው ተናገሩ፤ ስልኩን፣ ልቅሶውን፣ የሰጡትን ቁልፍ፣ ዝም ያሉበትን ጊዜ።

«እኔም ብሆን እሰጠው ነበር» አሉ እኒያ እናት። «መርዶ ይዞ ለመጣ ሰው እንዴት ይጨከናል?» ብዙ ራስ ተነቀነቀ።

«እኔም እሰጠው ነበር» አለች መቅሊት። «ግን በሞተ ሰው አላላክክም ነበር።»

ጋሼ አሰፋ በወንበሮቹ መሀል ቀስ ብለው አልፈው ሃሴት የተቀመጠችበት ጋ ሄዱና ከፊቷ ቆሙ። ያሏትን ማንም አልሰማም። ሃሴት ከወንበሯ ተነሳች፤ እሳቸው እንዲቀመጡበት።

ሰኞ ጠዋት፣ ሌባው እንዴት እንደገባ የሚናገረው አዲስ ደብዳቤ ለስድስት መቶ አርባ ቤተሰብ ተላከ። የዘርእሰናይ ስም የተጠቀሰው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ገጹን ማን እንደሠራው በሚናገረው መስመር። ጋሼ አሰፋ ጸሐፊነቱን በሜይ ወር አስረከቡ። ከዚያ ወዲህ ሐዘን ሊያስነግር የሚደውል ሰው ማን እንደሆነ ይጠየቃል፣ ስልኩ ይዘጋና በመዝገቡ ባለው ቁጥር መልሶ ይደወልለታል። እስከ ዛሬ አሥራ ሰባት ለቅሶ በዚህ መንገድ ተነግሯል፤ የተቀየመ ሰው የለም።